በማሳለጫው ቦታ የነበረው መቃብር

ሌንሳ ከድልድዩ ምሰሶ አጠገብ ቢጫ ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ቆማለች። አብረዋት የሠሩ ሁለት መሐንዲሶች በግራዋ ናቸው። የሟች ባለቤቴ እህት ዲንቂቱ ጥላ ፍለጋ ከድልድዩ ሥር ገብታለች። እኔ ከሁሉም ፈንጠር ብዬ የብረቱን አጥር ይዣለሁ። ከአሰላ አዲስ አበባ የሄድነው ሌንሳ የሠራችው ማሳለጫ ተመርቆ ለመኪና ሲከፈት ለማየት ነበር። አሁን የምጽፈውን ከዚያ ከቆምነው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለፓስተራችን እንኳ ነግሬ አላውቅም።

ሌንሳን አልወለድኳትም። እናቷ በቀለች ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ አባቷን ሳገባ በአምስት ዓመቷ እጄ ገባች። ሒሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ከእኔ ዕውቀት ስታልፍ ከአሰላ እስከ ሁሩታ እንደ እኔ የኮራ አልነበረም። ዛሬም እኮራለሁ።

በቀለች የተቀበረችው አሁን ማሳለጫው ባረፈበት ቦታ ነበር። ሌንሳ ግንባታው ላይ ከመመደቧ ከዓመታት በፊት መቃብሮቹ ለመንገዱ ሊነሱ ሆነና ከክፍለ ከተማው ቤታችን ተደወለ። ባለቤቴ ታሞ ተኝቷል፤ ሌንሳ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ናት። ስልኩን እኔ አነሳሁ።

"እስከ ዓርብ አጽሙን ካልወሰዳችሁ፣ ጠያቂ ከሌላቸው ጋር በአንድ ጉድጓድ ይገባል" አለኝ ሰውየው።

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ። አልነገርኩም።

ለምን? አጽሙ ቢመጣ አሰላ ያርፋል፤ ባለቤቴም ከጎኗ ቅበሩኝ ይላል። እኔስ የት ልተኛ ነው? በሙት ቀናሁ። እኔ፣ ልጇን ያሳደግኩ ሴት፣ እናቲቱን መቃብር ነሳኋት። ዓርብ አለፈ። ባለቤቴ በዚያው ክረምት አረፈ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ የእኔ ነው። ሌንሳ ስትጠይቀኝ "ማንም አልደወለም" አልኳት። አመነችኝ። እሷን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ብል ሰበብ ይሆናል፤ ሰበብ አልፈልግም።

በምረቃው ቀን ዲንቂቱ ሌንሳን በቀልድ አላስቀመጠቻትም። "ይሄ መንገድሽ ሦስት ጊዜ አዞረን። መውጫ ሠርተሽለታል ወይስ ረሳሽው?"

"መውጫስ አለው አክስቴ፤ ሾፌራችሁ ነው ምልክት የማያነበው።"

መሐንዲሶቹ ሳቁ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ "እናቷ እርስዎ ነዎት?" ሲል ሌንሳ ቀደመችኝ።

"አዎ፣ እሷ ናት። ሒሳብ ጨርሼ ካላሳየኋት እራት የለም ትለኝ ነበር።"

ከዚያ ምሰሶውን በመዳፏ ነካች። "የወለደችኝም እዚህ ነበረች። የት እንደወሰዷት የሚነግረኝ አጣሁ። እማ፣ ያኔ በእርግጥ ማንም አልደወለም?"

ዲንቂቱም አየችኝ። ቀና ብዬ አንዱ በሌላው ላይ ሳይነካካ የሚያልፈውን መንገድ አየሁ፤ የልጄን ሥራ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እንደዚያ ኮርቼ ቆሜ፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ።

"ማንም አልደወለም" አልኩ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወዳመጣን ሚኒባስ ሄድኩ።