ወናፉን የሚከፍት እጅ

ስትሪትሃም ሰፈር የሚኖሩትን እማማ ለተብርሃንን እየተንከባከብኩ ነው የምውለው። ከሳንባ ምች ገና መዳናቸው ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዛሬ ነርሷ መጥታ እጄን ከጎድን አጥንታቸው በታች አስቀመጠችው።

«ሳንባ ብቻውን አየር አይስብም» አለችኝ። «ከሥሩ ያለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል። ያኔ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ የውጭው አየር ይገባል።»

ሆዳቸው ከእጄ ሥር ከፍ ሲል አያቴ ትዝ አሉኝ። አንጥረኛ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የእሳት ማናፈሻቸውን ወናፍ አስያዙኝ። የፍየል ቆዳውን አፉን ሳልከፍት ወደ ላይ ባነሳሁት ጊዜ ከምድጃው አመድ ማገ።

«አመድ ልታበይው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። «ስታነሺ ክፈቺው፣ ስትጫኚ ዝጊው። ነፋሱን መጎተት የለብሽም፤ ቦታ ካገኘ ራሱ ይገባል። ያንቺም ደረት እንደዚሁ ነው።»

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። እውነታቸውን ነበር።

«አባባ፣ ስተኛስ ማን ይከፍተዋል?»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ወናፍ ይዤ እሱን አላወቅሁም» አሉ ቀስ ብለው።

ነርሷ ስትሄድ እማማ አዩኝ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ ልጄ? ገና አልሞትኩም» አሉና ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እጄን ማንሳት ፈራሁ። ሆዳቸው ወረደ፤ እዚያው ቆየ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ከዚያ ማንም ሳያዘው ቀስ ብሎ ተነሳ።