ከዶቨር ግንብ የተገዛው ፖስትካርድ

ደግፌ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖር ነበር። ለንደን በመጣ በአሥራ አንድ ዓመቱም ሥራው የሆቴል ሳህን ማጠብ ነበር። አላገባም። ያሉት ደብረ ብርሃን የሚኖሩት እናቱ፣ እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ነበሩ። በሄደበት ሁሉ ፖስትካርድ ይገዛላቸዋል። ማንበብ ባይችሉም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል።

በፈረንጆቹ 1996፣ በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን ማረፋቸውን ሰማን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ "እሑድ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ" አሉ። ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጉዞ ነበር፤ ዶቨር ወደሚባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የጥንት ግንብ ለማየት። ደግፌ ቤት ከዋለ ስልክ ሊያነሣ ነው ብለን ይዘነው ሄድን። አጠገቡ እንድቀመጥ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

"እማማ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነክቶታል?" አለኝ አውቶቡስ ውስጥ። "ሦስት ሰው የመስኮቱን ቦታ ልልቀቅልህ አለኝ።"

"መልክህን አይተው ነዋ።"

"ይሄን መልክ? ሳህኖቹም ሰልችተውታል!" ሳቀ። "ረቡዕ ለእናቴ ደወልኩ። ጎረቤቷ አነሣችና ገና ድምፄን ስትሰማ ስልኩ ተቋረጠ። ይሄ መስመር መቼም አይሻሻል።"

እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ግንቡ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ያካፋል። ጠባቡን ደረጃ ክንዴን ደግፎ አወጣኝ። "የጎንደር ሰው ይሄን እንዳያይ፣ በቅናት ይሞታል" ሲል አብራን የነበረችው ጸዳለ ሳቀችና ፊቷን አዞረች። ከላይ ሆነን ያየነው ጉምና ግራጫ ባሕር ብቻ ነው።

ሻይ ቤቱ ስንገባ የግንቡን ፖስትካርድ ገዝቶ እፊቴ አስቀመጠው።

"ዛሬስ እርስዎ ይጻፉላት። እማማ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ፊደል ቆጠሩ ብላት አላምን አለች።"

እስክሪብቶውን ያዝኩ። "ይድረስ ለእትዬ ሙሉነሽ" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤ ያስተማሩን መምህር ከዚያ ቀጥሎ ያስያዙን "ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ" የሚለውን ነው። እጄ አልሄድ አለ። የሞተ ሰው ጤና እንዴት ይጠየቃል?

ደግፌ እጄን አየ፣ ጸዳለን አየ፣ በየጠረጴዛው ዝም ያለውን ሰው አየ።

"እማማ፣ የረቡዑ የመስመር ችግር አልነበረም፣ አይደል?"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ካርዱን ቀስ ብሎ ከእጄ ስር ስቦ ኪሱ ከተተው። "ማወቄን ለማንም አይንገሩ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እዚህ በሰው አገር ግንብ አላለቅስላትም። ነገ እንደ ደንቡ ይንገሩኝ።"

ለንደን እስክንገባ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ወጣሁ። ገና እንዳንኳኩ በሩ ተከፈተ። ደግፌ ለብሷል፤ አልጋውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ያሉትን ወንበሮች ግድግዳው ዳር ደርድሯል።

"ምነው በጠዋቱ፣ ደኅና?" አላቸው።

ቁጭ እንዳለ ነገሩት። ያኔ ጮኸ።