ቅዳሜ የመጣው ግጥም

ሼህ እንድሪስ አረፉ። እዚህ እስራኤል በረሆቮትም ሆነ በጎንደር ገጠር የምታውቋቸው ሁሉ ስሙኝ፤ መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ ነው። ልጃቸው ፋጡማ ደውላ «አባዬ የንጋቱን ሶላት ሰግደው እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀሩ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ባቡሩ መጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ተሳፍሬ ሥራ ገባሁና መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስደረድር ዋልኩ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት እርሷ አለቀሰች፤ እኔ እራቴን በላሁ። እስካሁንም እንባ አልመጣልኝም።

ለማያውቋቸው ልጆቻችን ልንገራቸው። ሼህ እንድሪስ መንዙማ ገጣሚ፣ የደረሶች፣ የቁርኣን ተማሪዎች፣ መምህር ነበሩ። ሰው ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ይላቸዋል። እርሳቸው ግን «ወልዩ ማን እንደሆነ አላህ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለእናንተ መቼ ነገራችሁ?» እያሉ ይቆጡ ነበር።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ከመንደራቸው በታች ወንዙ ዳር እንኖር ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ታመመችና ቡዳ በላት ተብሎ ሰው ዱላ ይዞ ሊመጣብን ሆነ። ሼሁ ቀድመው ወርደው ከአባቴ ወናፍ አጠገብ ተቀመጡ። ለመጣው ሁሉ «የሚበላ ካለ እኔን ይብላኝ፤ ይኸው ተቀምጫለሁ» አሉ። እስኪመሽ አልተነሱም። ሰዎቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ዓይናቸው ሲጠፋ ግጥማቸውን የምጽፍላቸው እኔ ሆንኩ። ደረሶቻቸው በዐረብኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ እርሳቸው ግን ገበሬውም ሚስቱም እንዲያነቡት በአማርኛ ፊደል ፈለጉ። እኔ ያኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላቸው «ቀስ በል፤ አላህን ጮሆ የሚጠራ ሰው ሩቅ ያለ መስሎት ነው» ይሉኛል። ቅዳሜ ግን ጠርተውኝ አያውቁም። በሰንበት ብዕር እንደማናነሳ ያውቃሉ።

ወደ እስራኤል ለመሄድ ወደ አዲስ አበባ ልንወጣ አንድ ቀን ሲቀረን ልሰናበታቸው ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። «የረጅሙ መንዙማዬ መዝጊያ ዛሬ ንጋት ላይ መጣ፤ እኔ አልጠራሁትም። ስማውና ነገ ጻፈው» አሉኝ። ስድስት ስንኝ ነው። ሁለት ጊዜ አሰሙኝ። እሁድ ጎህ ሲቀድ መንገድ ጀመርን። አዲስ አበባ ገብተን ግጥማቸውን የምጽፍበትን ደብተር ስከፍት የቀረኝ ዜማው ብቻ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ ተገናኘን። ረሆቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ካለው ቤቴ ሐሙስ ሐሙስ እደውልላቸው ጀመር። ባለፈው ዓመት መዝጊያው ከእርሳቸውም እንደጠፋ ነገሩኝና «አንተ ዘንድ አለ አይደል?» አሉኝ። «ቤሰደር፣ አለ፤ አነብልዎታለሁ» አልኩ። ምን ማለት ነው ሲሉኝ እሺ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። «እሺን አውቃታለሁ፤ እሺ በለኝ» ብለው ሳቁ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ከደብተሩ አነብላቸዋለሁ፤ ወደ መዝጊያው ስቃረብ ሥራ አለብኝ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። አንድም ቀን አላስጨነቁኝም።

አሁን ፋጡማ አርባቸው ላይ እንዲዜም መዝጊያውን ላክልን ብላኛለች። «አባዬ እስከ መጨረሻው፣ እስራኤል አገር በአደራ አለ ሲሉ ነበር» አለችኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም እናገራለሁ። የለኝም። አንዲት ቃል እንኳ የለኝም።

ሼህ እንድሪስ፣ ደብተሩን ለነፋጡማ እልክላቸዋለሁ፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ትናንት የራሴን ስድስት ስንኝ ልጽፍበት ቁጭ ብዬ ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ዋሸሁዎት፤ እርስዎም አምነውኝ ሄዱ። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ዓመት ሙሉ ነበረኝ፤ ሳልጠይቅዎት ቀረሁ። ግጥሙን አሁን የሚያውቀው የላከልዎት ብቻ ነው፤ ከእርሱ ይስሙት። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።