የሞቀው ጆንያ

ሸምሲያ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ገርጂ የመጣችው ከባሏ ከሰይድ ጋር ነው። እሱ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሷ ከቤታቸው ደጃፍ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ጥራጥሬ ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ በየጆንያው ትሰዳለች። ቀዝቃዛ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው።

በ1988 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ያላት ጥሪት ሁሉ ሦስት ጆንያ የአምና ሽምብራ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለሽሮ የሚገዙት ከእሷ ነው። በዚያ ጠዋት ክንዷን ብትሰድ፣ ጆንያው ሞቋል። ከሽምብራው ዘግና ወደ ብርሃን አወጣች። ፍሬው አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ግን እንደ ስኳር ቅንጣት ያለ ነጭ ነጥብ እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል።

ይህ ነጥብ የነቀዝ እንቁላል ነው። እናቲቱ ልጣጩ ላይ አጣብቃው ትሄዳለች። የሚፈለፈለው ትል ፍሬውን በስቶ ይገባል፣ ውስጡን እየበላ ያድጋል፣ እዚያው ክንፍ ያወጣል፤ ወር ገደማ ሲሆነው ክብ በር ከፍቶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ምንም ሳይበላ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ዘሩን ተክቶ ይሞታል። ምስኪን፣ ዕድሜው ማለት ይኸው ነው።

ሸምሲያ ዝም ብላ ብትሸጠው ማንም አያውቅባትም ነበር። ጡረታ የወጡት ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ከረጢት ይዘው ብቅ አሉ።

«ሃያ ኪሎ ስፈሪልኝ።»

«ዛሬስ አልሸጥልዎትም፣ እትዬ።»

«ምነው? ጾሙ ሲቀርብ ልታስወድጂው ነዋ! አይ ሸምሲያ፣ አንቺም ነጋዴ ሆንሽ!»

ሸምሲያ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰንጥቃ መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«በስመአብ! ይኼን ልታበዪኝ ነበር?»

«ኧረ በአላህ! ላበላዎት ብፈልግ ምን ብዬ አሳይዎታለሁ?»

እትዬ ዘርፌ አፈሩ መሰል፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ሁሉም አይደለም። ግን ሳይሰነጠቅ በምን ይለያል?»

«እንግዲያ እንሰንጥቀዋ! ምን ትገትሪኛለሽ?»

በሁለት ቀን ውስጥ እትዬ ዘርፌ የጠሯቸው የሰፈሩ ሴቶች ሰፌዳቸውን ይዘው ደጃፏን ሞሉት። ሽምብራው ታመሰ፣ ተከካ፣ አንድ በአንድ ተለቀመ። ትል የገባበት ለዶሮ ተጣለ። አንድ ጆንያ ያህል ከሰረች፤ ሁለቱ ንጹሕ ክክ ሆነው ተረፉ። ሸምሲያ ግን ክኩን ማን ደፍሮ ይገዛኛል ብላ ሌሊቱን አልተኛችም።

ሰኞ ጠዋት ገና በሩን ሳትከፍት እትዬ ዘርፌ ደጃፉ ላይ ቆመው መንገደኛውን ይጠራሉ።

«ከዚህ ግዙ! ነቀዝ ያለበት እንደሆነ ራሷ ትነግራችኋለች!»

«ኧረ እትዬ፣ የነቀዙን ስም አይጥሩብኝ፤ ገበያተኛው ይሸሻል!»

«ይሽሻ፤ የሚሸሽ ሽሮ አያውቅም» አሉና ሃያውን ኪሎ አስለክተው ሄዱ። ከኋላቸው አራት ሴቶች ቆመዋል።