ዘጠኝ መቶ ስልሳ ግራም

ሚዛኔን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ለትምህርት ቤት ማዋሴ ያስወጣኝ አርባ ሺህ ብር ነው። ያዋስኩት በነፃ ነበር።

ከሚሴ ላይ ስኳር፣ ምስርና ሩዝ እቸረችራለሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ የቀረውን ገበያ አስተምሮኛል። ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪ አለች። ትምህርት ቤቱ መማሪያ ዕቃ ስለሌለው ሰፈሩን እንደ መጋዘን ትጠቀምበታለች። ከጤና ጣቢያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ከሻይ ቤት ቆርኪ፣ ከጋራዥ ኩሽኔት ትለምናለች። ኮምፒውተር የምታስተምረው ካርቶን ላይ በተሣለ ኪቦርድ ነው። ልጆቹ ካርቶኑን በጣታቸው ሲደበድቡ በመስኮት አይቼ ስቄያለሁ።

አንድ ቀን ተራው እኔ ጋ ደረሰና ሚዛኔን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ዲጂታሉ ከተማውን ከሞላ ቆይቷል፤ እኔ ግን ባለ ሁለት ሳህኑን አልተውኩም። መብራት ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። ከጨፋ የሚመጣው ገበሬም ቁጥር ከሚያበራ ዕቃ ይልቅ ዓይኑ ሥር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያምናል። ሚዛን ከባለቤቱ ተለይቶ አይሄድም ብዬ አብሬው ሄድኩ። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

የዕለቱ ትምህርት አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል የሚል ነው። ልጆቹ በባለ አሥር ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መቶ ጊዜ እየቀዱ አንድ ጠርሙስ ሞልተዋል። አስተማሪዋ ጠርሙሱን በአንዱ ሳህን አኖረች። በሌላው የእኔን የኪሎ ብረት፣ ከጎኑም እኩል እንዲሆን ባዶ ጠርሙስ አደረገች። ውኃው ወረደ። ብረቱ ተሰቀለ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም የከሚሴ ውኃ ከባድ መሆኑን ኩላሊታችን ያውቃል አልኩ። ብረቱን አነሣችና በምትኩ ሁለቱን የግማሽ ኪሎ ብረቶቼን አስቀመጠች። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ።

የኪሎውን ብረት መልሳ ውኃውን በሲሪንጅ ትስብ ጀመር። ልጆቹ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። አርባ ላይ ሳህኖቹ እኩል ሆኑ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነው። የእኔ ኪሎ አርባ ግራም ይጎድለዋል።

ተነሥቼ ብረቱን ገለበጥኩት። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ፋብሪካው ክብደቱን የሚያስተካክለው እዚያ ውስጥ እርሳስ አቅልጦ በማፍሰስ ነው። እርሳሱ የለም። ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስመለስ ብረቱ ከባጃጅ ወድቆ ድንጋይ ላይ ጮኾ ነበር። አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩ እንጂ ሥሩን አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ በረከት ገብቶበት ነበር። መቶ ኪሎ ያለው ኩንታል ተቸርችሮ ሲያልቅ አራት ኪሎ ያህል ይተርፈኛል። የአባቴ ዱዓ ነው እል ነበር። በረከት አይለካም ብዬ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሰብኬያለሁ። ከትርፉ ለመስጊድ ሰደቃ አወጣለሁ፤ እሱንም የምመዝነው በዚያው ብረት ነው።

አስተማሪዋ መለኪያ ያረጃል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይፈተሻል ብላ ልታልፈው ሞከረች። በልቤ አላህ ይስጥሽ አልኳት። ያኔ አንዲት ልጅ ተነሣች። አወቅኳት፤ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ደንበኛዬ ልጅ ናት። ስኳር የምትላከው እሷ ናት።

“ቲቸር፣ እናቴ ከአንድ ኪሎ ስኳር ሃምሳ ብርጭቆ ሻይ ይወጣል ትላለች። የሚወጣው አርባ ስምንት ነው። ሁለቱን መንገድ ላይ የላስሽው አንቺ ነሽ ብላ ትገርፈኛለች።”

አስተማሪዋ ቦርዱ ላይ አንድ ሺህን ለሃምሳ አካፈለች፤ ሃያ ግራም ለአንድ ብርጭቆ። ቀጥላ አርባን ለሃያ። ሁለት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ፣ ለእናቴ ይነግሩልኛል?”

እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

ሱቅ ተመልሼ አሰላሁት። በሳምንት አንድ ኩንታል፣ ሁለት ዓመት፣ አራት መቶ ኪሎ፤ በመቶ ብር ሲመታ አርባ ሺህ። ጎረቤቴ አዲስ ብረት ግዛና ዝም በል፣ ማን ያውቃል አለኝ። ሠላሳ ልጅ ያውቃል፣ ረቢም ያውቃል አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት ይበልጥ የፈራሁት ልጆቹን ነበር።

ብረቱን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ለእናትየዋ ቀዳዳውን አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ሻይ መቅዳቷን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስድብ ስጠብቅ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

“የስኳሩን ይመልሱልኛል። ዱላውን ማን ይመልስላታል?”

ልጇ ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች። ጠራቻትና ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩን ሳትለካ ጨመረችበት። ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች።

የሰፈራችን ሼህ ባለቤቱን የምታውቀውን የሰው ሐቅ መልስ፣ የማታውቀውን በባለቤቶቹ ስም ለሰው ጥቅም አውጣ አሉኝ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ጠራሁ። የሚቀበል ተቀበለ፤ አንድ የጨፋ ሽማግሌ ብሩን ኪሱ ከትቶ ዲጂታሉን ግዛ ብሎኝ ሄደ። በቀረው ለትምህርት ቤቱ የተፈተሹ የሚዛን ብረቶችና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ካርቶኑ ግን አልተጣለም፤ ላፕቶፑ አንድ፣ ልጆቹ ሠላሳ ናቸው፤ ተራ እስኪደርስ በእሱ ይለማመዳሉ። አሮጌውን ብረት አስተማሪዋ ለምና ወሰደችው፤ ክብደቱን በቀለም ጽፋበት መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች።

ለደንበኞች አሥራ ስድስት ሺህ። ለትምህርት ቤቱ ሃያ አራት ሺህ። ለዱላው የተከፈለ የለም።