ላጲሴና አዲሱ ሜሞሪ

አዲስ ሜሞሪ ከጨመርንበት ጀምሮ የሱቃችን ኮምፒውተር ሥራ መሃል ድርግም ብሎ እየጠፋ አስቸገረን። ሁለቱንም ሜሞሪ ነቅዬ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ሳሽ፣ የላጲሱ ሽታ ቦሌ ሚካኤል፣ እማዬ ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ሌንሳ እኛ ጋ ልትኖር መጥታ አልጋዬን ከተጋራችኝ ሳምንቷ ነው፤ አኩርፌያለሁ። የእማዬም ኮምፒውተር እንዲሁ አዲስ ሜሞሪ ከገባለት ወዲህ ይጠፋል። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሰለቻቸውና፣ “አዲሱን አውጪው፤ እሱ ነው የሚበጠብጠው” አሏት።

“አባባ፣ አዲስ ስለሆነ ብቻማ ጥፋተኛ አይባልም” አለች። ሜሞሪዎቹን አንድ በአንድ እየሰካች ሞከረች። አዲሱ ብቻውን ሠራ። ኮምፒውተሩ የጠፋው ነባሩ ሲሰካ ነው። ላጲሴን ከደብተሬ ላይ አንሥታ የነባሩን የቆሸሸ ጥርስ ፈተገችና ሁለቱን ጎን ለጎን መለሰቻቸው፤ ማመልከቻውም ሳይቋረጥ አለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አየሽ፣ ያስቸገረው ነባሩ ነበር” አለችኝ። ስለ ኮምፒውተሩ የምትነግረኝ መስሎኝ “እሺ” አልኳት።

የዛሬው ኮምፒውተርም ተነሣ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አልጠፋም።

“በይ ላጲሱን መልሺ፤ የልጄ ነው” አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሌንሳ።