ፍሬን የሌላት መንኮራኩር

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር የጠፈር ጌም እንሠራ ነበር። እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ፤ እሷ ፊዚክስ የተማረች ናትና የመንኮራኩሯን አካሄድ ታሰላለች። ጨዋታው ከጨረቃ ተነስቶ ሩቅ ላለ የሰዎች ጣቢያ ውሃ ማድረስ ነው። የቧንቧ ውሃ ደስ ሲለው ብቻ በሚመጣበት ሰፈር እየኖርን ሌላ ጭነት አልታሰበንም።

ጓደኛዬ «ሊሆን የማይችል ነገር አናስገባም» ትላለች። ጠፈር ላይ ድምፅ የለም፤ አንዴ የተገፋ ነገር በራሱ አይቆምም፤ መልእክትም ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እየዘገየ ይደርሳል። እኔ ደግሞ የሚጫወተው ሰው እንዳይሰለች እፈራለሁ።

መጀመሪያ ያስሞከርናት አምባ ጊዮርጊስ ከተማ አስተማሪ የሆነችውን ታላቅ እህቴን ነው። ልትጠይቀን በመጣች ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች። ጣቢያው ሲቃረብ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። መንኮራኩሯ ግን ጣቢያውን አልፋ፣ ጸጥ እንዳለች ወደ ጨለማው ሄደች።

«ፍሬኑ የታለ?»

«እትዬ፣ ጠፈር ላይ ፍሬን የለም። ዞረሽ ወደ ኋላ ትገፊያታለሽ» አለቻት ጓደኛዬ።

«ምነው፣ ይሄን የሚያህል ነገር ሠርታችሁ ፍሬን አቃታችሁ?»

እዚያው ፍሬን አስገባሁላት፤ መንገዱንም አሳጠርኩ። ወዲያው ደርሳ ውሃውን አወረደች። «ሸጋ ነው» አለች፣ ላፕቶፑን እየመለሰችልኝ። «ግን ባጃጅ የነዳሁ እንጂ ሩቅ የሄድኩ አልመሰለኝም።»

ጓደኛዬ እኔን አየችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እህቴን ልንጠይቃት በሚኒባስ ተነሳን። ኮሶዬ የሚባለው ደጋ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ገደሉም፣ ማሳውም፣ አስፋልቱም ጠፋ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል፤ እኛ ግን ቆመን ነጩ ነገር በጎናችን የሚፈስ መሰለኝ። አንድ ዛፍ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል፣ መስኮታችንን አልፎ ይሟሟል። ሞተሩ በመቀመጫው በኩል አጥንቴ ውስጥ ይነዝረኛል። የት እንዳለሁ ማወቅ አልፈለግሁም።

ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ የእህቴ መልእክት ገባ፤ «ተነሳችሁ?» የሚል። የላከችው ገና ጎንደር ሳለን ነው። መለስኩላት። የእሷ መልስ ደግሞ ሌላ ኩርባ ከዞርን በኋላ መጣ።

«መንገዱን አናሳጥረው» አልኳት ጓደኛዬን። «መልእክቱ እየዘገየ ይምጣ። የሚጫወተው ሰው የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።»

መዳፏን የሚነዝረው መቀመጫ ላይ አሳረፈች። «እንግዲያው ሞተሩም ይሰማ» አለች። «ውጭ ባይሰማም ብረቱ ይነዝራል፤ ውስጥ ላለ ሰው ይሰማል። ፍሬንሽንም አትጣዪው። አንድ ቁልፍ ሲነካ መንኮራኩሯ ራሷ ዞራ ወደ ኋላ ትግፋ፤ ነዳጅ ግን ትጨርስ።»

እህቴ ቤት እንደደረስን ለጨዋታው መልእክት ድምፅሽን እንቅዳ አልናት።

«ምን ልበል?»

«ለራቀ ሰው የምትይውን።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኛ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል። ብርዱ ግን ብሷል፤ አንቺ ጋስ እንዴት ነው?»

ሠርተን ስንጨርስ አዲሱን ጨዋታ ራሷ ሞከረችው። በመንገዱ አጋማሽ የራሷ ድምፅ ዘግይቶ ሲመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ከዋክብቱን አየች። ስትደርስ የት እንደነበረች የረሳች ትመስል ነበር።

ጌሙን በነፃ ለቀቅነው። የጻፉልን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ መንገዱ ረዘመብን አሉ። አንድ ሰው ግን ጉዞው እንዲያልቅበት ስላልፈለገ ውሃውን ሳያወርድ ጣቢያውን ሆን ብሎ አልፎ እንደሄደ ነገረን። ጓደኛዬ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከጣቢያው ወዲያ ምንም አልሠራንም ነበር። በማግስቱ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ዓለም እዚያ አስቀመጥን።